ቶለራ ከወህኒ የወጣ ዕለት

እኛ ሰው መቀበል እንወዳለን። ሙሽራ እንቀበላለን፤ ከአረብ አገር የምትመጣ ልጅ እንቀበላለን፤ ዋንጫ ያመጣ የእግር ኳስ ቡድን ከሆነማ አምቦ መግቢያ ድረስ ወጥተን፣ ጉሮሯችን እስኪዘጋ ጮኸን፣ ተጫዋቹን በትከሻችን ተሸክመን እናስገባለን። አቀባበሉን ማንም ያላስተማረን አንድ እንግዳ ግን አለ። ከወህኒ የወጣ ሰው። መንገድ ላይ ስናገኘው «እንኳን ለቤትህ አበቃህ!» እንለዋለን፤ ቤት ይኑረው አይኑረው አንጠይቅም። አንደኛው እጃችን ሲጨብጠው ሌላው ኪሳችንን ይዳብሳል። እናንተም አድርጋችሁታል፤ አትካዱኝ።

እኔ አምቦ ውስጥ አስተማሪ ነኝ፤ የሰፈራችን እድር ጸሐፊም ነኝ። ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩት ምርጫው ዕለት ስላልተገኘሁ ነው። አንድ እሑድ ታዲያ ከማረሚያ ቤቱ አንዲት ወጣት መኮንን እድራችን ድረስ መጣች።

«ጊዜውን ጨርሶ የሚወጣ ሰው መሄጃ ሲያጣ ተመልሶ እኛው ጋ ይመጣል» አለች። «ባለፈው ክረምት አንዱን ልጅ ጫማ ገዝቼ ሸኘሁት። ጫማው ሳያረጅ በካቴና መለሱልኝ። እባካችሁ፣ እኛ ብቻችንን አንችልም።»

በሳምንቱ ቄሱም፣ ፓስተሩም፣ የባጃጅ ነጂዎች ማኅበር ሊቀ መንበርም ተጠርተው ተሰበሰብን። እንዲህ ያለ ስብሰባ ገብታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። «አጋርነት»፣ «ቅንጅት»፣ «የጋራ ኃላፊነት»፤ ሁላችንም አማርን። እኔ ራሴ ባደረግሁት ንግግር ተነክቼ ልቀመጥ ስል ወንበሬን ስቼ ነበር።

መኮንኗ ጨዋ ናት፤ አስጨርሳን ተነሣች። «እንግዲያው ሰኞ ቶለራ የሚባል ልጅ ይወጣል። የእጃጂ ልጅ ነው። እናቱ እሱ እስር ቤት እያለ ሞታበታለች፤ ሌላ ዘመድ የለውም። እኛ ዘንድ የእንጨት ሥራ ተምሯል። የት ይደር?»

ቄሱ ፓስተሩን አዩ። ፓስተሩ የእድሩን ዳኛ ኦቦ ድንቁን አዩ። ኦቦ ድንቁ ጣሪያውን አዩ። የባጃጁ ሊቀ መንበር ስልክ ጮኸ፤ ራሱ እንዳስጮኸው እምላለሁ።

«እኔ ጋ ይደር» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ጨርቅ ነጋዴዋ አዴ ጫልቱ ናቸው።

ይኼኔ ሁላችንም ዞረን አየናቸው። ቶለራ የታሰረው የአዴ ጫልቱን ሱቅ ሰብሮ ነዋ!

«አዴ፣ ያንኑ ልጅ ነው የሚሉት?» አሉ ኦቦ ድንቁ።

«ያንኑ። ሱቄን ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ላስጎብኘው ብዬ አልደክምም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «እናቱ ያኔ ከእጃጂ ድረስ መጥታ እግሬ ላይ ወድቃ ነበር። ተናድጄ ፊቴን አዞርኩባት። አሁን ይቅር ብዬሻለሁ ልበላት ብል ከየት አመጣታለሁ? ያለው ልጇ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ! እንደ ውኃ ተገድቦ የቆየው ነገር ተለቀቀ። ፓስተሩ «የጸሎት ቤታችንን አግዳሚ ወንበሮች እሱ ይሥራልን» አሉ። ቄሱ ቀበል አድርገው «የእኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ወንበሮች ይቅደሙ፣ ልጆቹ መሬት ላይ ናቸው» አሉ። ፓስተሩ «እኔ ቀድሜ ተናግሬያለሁ» አሉ። ሁለት የሃይማኖት አባቶች በአንድ እስረኛ ሲሻሙ አይቼ አላውቅም። ኦቦ ድንቁ የአጎታቸውን መጋዝና መላጊያ ሊያመጡ ቃል ገቡ። ባጃጁም ስልኩን አጥፍቶ «ማመላለሱ በእኛ ነው!» አለ።

ሰኞ ጠዋት በማረሚያ ቤቱ በር ላይ ባጃጆቹ በቅጠል አጊጠው ተሰልፈዋል። የእድሩ ሴቶች ነጭ ለብሰዋል። በሩ ተከፈተና አንድ ቀጭን ልጅ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ወጣ። ክላክሱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ።

ቶለራ ቀና ብሎ ሕዝቡን አየ። ከፊት የቆሙትን አዴ ጫልቱን አየ። ከዚያ ዞሮ በሩ ላይ ተለጠፈ።

«መልሱኝ!» አለ ብረቱን እየደበደበ። «ሊገድሉኝ ነው፣ መልሱኝ!»

ዘበኛው በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ወንድሜ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንንም አናስገባም» አለው።

አዴ ጫልቱ ብቻቸውን ጠጋ አሉ። «ኮቱ፣ ሂንሶዳቲን! ና፣ አትፍራ። ልወስድህ ነው የመጣሁት፤ ቤት።»

ልጁ ገባው፤ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ። መሬት ሳይነካ ክንዱን ይዘው አነሡት። «ጭቃ ነው፤ ሱሪህን የማጥብልህ እንዳይመስልህ» አሉት። እንዲህ እያሉ እንባቸው ይወርዳል። እኔም አለቀስኩ። አስተማሪ አያለቅስም የሚል ደንብ ካለ አልደረሰኝም።

ቶለራ መጀመሪያ ሰሞን ከግቢ ለመውጣት እንኳ ያስፈቅድ ነበር። አዴ ጫልቱም «እኔ ዘበኛ አይደለሁም» ይሉታል። ቀስ በቀስ መጠየቁን ተወ። ወንበሮቹ ተሠሩ (የማን እንደቀደመ አልናገርም፤ ከሁለቱም ጋር በሰላም መኖር እፈልጋለሁ)። ዛሬ በሩ ላይ ስሙን የለጠፈበት የራሱ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። እኛንም «እንዴት አደረጋችሁት?» እያሉ ከካቺሲ ድረስ መጥተው የሚጠይቁን ሰዎች አሉ።

በቅርቡ ደግሞ ተሰበሰብን። ኦቦ ጉደታ የሚባሉ ጠና ያሉ የካቺሲ ሰው ሊወጡ ነው። መኮንኗ «የት ይደሩ?» ስትል እጁን ያወጣው አሁን የኮሚቴ አባል የሆነው ቶለራ ነው።

«ቲቸር ጋ» አለ። «አጥራቸውን ስሠራ ባዶ ክፍል አይቻለሁ።»

ክፍሉ ጠባብ መሆኑን፣ ጣሪያው እንደሚያፈስ ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ባለቤቴ «ቀድሜ መጋረጃ ሰቅዬበታለሁ» አለች።

ኦቦ ጉደታ የወህኒ ልማድ አልለቀቃቸውም፤ ጎህ ሲቀድ ይነሣሉ፣ ሲታጠቡም ድምፃቸውን ለቀው ይዘፍናሉ። በየስብሰባው ስለ አጋርነት የምተነትነው እኔ፣ በገዛ መታጠቢያ ቤቴ በር ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ተራዬን እጠብቃለሁ። ሥራ ይረፍድብኛል። ግን ምን ላድርግ፣ ሰውዬው ድምፅ አላቸው፤ ሳይጨርሱ ማንኳኳት ነውር ነው።