መያዣ መሰል ነገር

በባንካችን ታሪክ እንደ አንቀጽ አሥራ አራት ያለ አንቀጽ አልተጻፈም፤ ወደፊትም እንዳይጻፍ እንጸልያለን። ደራሲው ክቡር ነገረ ፈጃችን ናቸው። ሦስት ወር በራቸውን ዘግተው አምጠው የወለዱት ይህን ነው፦ «ተበዳሪው ዕዳውን ከፍሎ እስኪጨርስ ድረስ ማናቸውንም ንብረቱን በመያዣነትም ሆነ መያዣ በሚመስል መንገድ ለማንም አይሰጥም።»

የመጀመሪያው ዕድለኛ አንድ አናጢ ነበር። የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ካልገዛ ሥራ ቤቱን ሊዘጋ ነው።

«መያዣ የለኝም» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ማን ጠየቀዎት?» አሉ ነገረ ፈጁ። «እኛ እናምንዎታለን። ሌላ ሰው እንዳያምንዎት ብቻ ይፈርሙልን።»

ፈረመ። ማሽኑም ተገዛ።

የመጀመሪያውን ክፍያ ይዞ ሲመጣ ጥበቃው በር ላይ አስቆመው።

«ጋሼ፣ መታወቂያ ያስይዙ። ሲወጡ ይወስዱታል።»

አናጢው እንደማንኛውም ሰው ሰጥቶ ገባ። ነገረ ፈጃችን ሥራ ስለሚበዛባቸው በመስኮት እያዩ ነበር። ደረጃው ላይ ጠበቁት።

«መታወቂያዎ የት አለ?»

«ጥበቃው ጋ። አስይዝ ብሎኝ...»

«አስያዘ! በገዛ አፉ አመነ! ጥበቃው እኮ የእኛ ሠራተኛ አይደለም፣ ከጥበቃ ድርጅት የተቀጠረ ነው። ሦስተኛ ወገን!»

«ኧረ በፈጠረዎት! ካላስያዝኩ አያስገባኝም፤ ካልገባሁ እንዴት ልክፈል?»

«እሱን ሳይፈርሙ ነበር ማሰብ።»

ውሉ እንደተጣሰ ተቆጥሮ ብድሩን በሙሉ በአሥር ቀን እንዲመልስ ተጻፈበት። ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ፤ አማርኛው ያማረ ነው፣ እኔ ግን አፍሬያለሁ። ባለቤቱ እያለቀሰች መጥታ ለመነች። የሰማት የለም።

አሥሩ ቀን አለፈ። ነገረ ፈጁ ማሽኑን እንንጠቅ ብለው ሲነሡ ሥራ አስኪያጁ በየዋህነት ጠየቋቸው።

«በየትኛው መያዣ?»

ነገረ ፈጁ ውሉን አገላበጡ። ለካ እናምንዎታለን ብለን መያዣ አልያዝንም! ክስ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ነገረ ፈጁ አዲስ ቅጽ አንጠልጥለው ወደ አናጢው ሥራ ቤት በረሩ፤ እኔም ማኅተሙን ይዤ ተከተልኳቸው።

«ጊዜ እንሰጥዎታለን» አሉ በለሰለሰ አንደበት። «ማሽኑን ብቻ በመያዣ ይስጡን።»

አናጢው ማሽኑን አጠፋ። ውሉን ከመሳቢያ አውጥቶ ጣቱን አንቀጹ ላይ አሳረፈ።

«አልችልም ጌታዬ። ‹ለማንም› ይላል።»

«ማንም ማለት እኮ ሌላውን ማለት ነው! ባንኩን አይጨምርም!»

«እሱን በጽሑፍ ይስጡኝ።»

ነገረ ፈጃችን በወኔ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ጻፉ፤ እኔም በማኅተም አጸናሁት፦ «በአንቀጽ አሥራ አራት መሠረት ባንካችን ማንም እንዳልሆነ እናረጋግጣለን።»

አናጢው ሁለት ጊዜ አነበበው። አጥፎ ኪሱ ከተተና ማሽኑን አስነሣ።

«እንግዲህ እናንተ ማንም ካልሆናችሁ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እኔም የማንም ዕዳ የለብኝም።»