ሽማግሌ የሆኑልኝ ወፎች

ትናንት በልጄ ዕድሜ ያለው አሠሪዬ ሰው መሀል "አንተ ሽማግሌ፣ ቶሎ ቶሎ በል!" ስላለኝ፣ ራቴን ሳልቀምስ ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁና እንዲህ ያለ ሕልም መጣብኝ።

የማየው የምሠራበትን ወፍጮ ቤት ነው። እዚያ ጆንያ እሸከማለሁ፤ ደጅ የተሰጣ እህልም እጠብቃለሁ። በሕልሜ ግን ወረፋ ይዘው የቆሙት ወፎች ነበሩ። ድንቢጦች ትንንሽ ቋጠሮ አንጠልጥለዋል። ቁራዎች "ተራዬ ነው፣ ተራዬ ነው" እየተባባሉ ይገፋፋሉ። አንዲት ቆቅ ጫጩቷን አዝላ "እናንተ፣ ልጅ ይዣለሁ እኮ!" ትላለች። ሰዉ ደግሞ የመብራት ሽቦ ላይ ሰፍሯል። አሠሪዬ ሸዋረጋ ከነኮቱ ሽቦው ላይ ቁጢጥ ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ይንጫጫል። የቀበሌው ጸሐፊ ከነከረባቱ ራሱን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ ያንቀላፋል። ይሄ ማንንም አልገረመውም፤ እኔንም ጭምር።

እኔ ብቻ መሬት ላይ ነበርኩ። ተንበርክኬ የፈሰሰ ስንዴ እለቅማለሁ፤ በእጄ ሳይሆን በአፌ። አንዲት ድንቢጥ ከወፍጮ ቤቱ በር ብቅ አለችና ክንፏን ወገቧ ላይ አድርጋ ጮኸችብኝ።

"እሽ! እሽ! አንተ ሰው፣ ሂድ ከዚህ!"

"እኔ እኮ እዚህ ሠራተኛ ነኝ" አልኳት።

"የምን ሠራተኛ?"

"የወፍጮ።"

"ይኸው፣ ስሙን ራስህ ጠራኸው። ወፍ ነው የሚቀድመው። ወፉ ሲወጣለት ለአንተ የምትቀርህ 'ጮ' ናት። 'ጮ'ህን ይዘህ ሂድ!"

ወረፋው ሁሉ ሳቀብኝ። መሳቂያ መሆን ለእኔ አዲስ አይደለም። ድንቢጧ ጠጠር አነሳች። ያቺን አነሳሷን አውቃታለሁ፤ የራሴ ናት። ድንቢጦች የተሰጣው ስንዴ ላይ ሲያርፉ በየቀኑ ጠጠር የማነሳ እኔ ነኝ። ስወረውር ግን ከእነሱ ራቅ አድርጌ ነው። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሠሪዬ ከሰማ እንጀራዬን አጣለሁ።

ጠጠሩ ሳይመጣ አንዲት ግራጫ ዋኔ ከጣሪያው ወርዳ መሀላችን ገባች። ዋኔ ያቺ እርግብ የምትመስለው ናት፤ ጠዋት ጣሪያ ላይ ሆና የምታጉረመርመው። ነጠላ ለብሳለች። ይህችኛዋን አውቃታለሁ። ወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ቁጭ ብላ "የማን ነህ፣ የማን ነህ" ስትለኝ ነው የምትውል። ከወፍ ሁሉ አጥብቄ የምጠላት እሷን ነው።

"እሽ አትበይው" አለቻት ድንቢጧን። "ይሄ ወፍ ዘራሽ ነው።"

ይቺን ቃል ስሰማ ደሜ ፈላ። ወፍ ዘራሽ ማለት ማንም ሳይተክለው አጥር ሥር የሚበቅል ቅል ነው፤ ዱባም ሊሆን ይችላል። ሰውን ሲሉት ግን አባቱ አይታወቅም ማለታቸው ነው። እናቴ ትርንጎ አባቴ ማን እንደሆነ ሳትነግረኝ ሞተች። ስሜን ቢያድግልኝ አለችኝ፤ ለአባት ስም የራሷን አባት ዘለቀን ሰጠችኝ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪው በልጆቹ ፊት "ዘለቀ እኮ የእናትህ አባት ነው፤ አባትህስ?" አለኝ። ከኋላ አንዱ "ወፍ ዘራሽ ነው!" ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። በማግስቱ አልሄድኩም፤ ትምህርቴ እዚያው ላይ ቀረ። ያ አስተማሪ አሁን ታሟል አሉ። እግዜር ይማረው፤ እኔ ግን ሄጄ አልጠየቅሁትም።

ከዚያ ማናህሎሽን ወደድኩና ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ አቶ ጓንጉል ሽማግሌዎቹን ቁጭ በሉ እንኳ አላሏቸውም። "የማን ልጅ ነው? ባሕር ዛፍ እንኳ ተካይ አለው። እኔ ልጄን ለወፍ ዘራሽ አልሰጥም" ብለው ሸኟቸው። ማናህሎሽ በራሷ እግር መጣችልኝ። ተጋባን፣ ወለድን፣ ሸበትን። አባቷ ግን እስከ ዛሬ "ልጄን ሰጥቼሃለሁ" የምትለዋን ቃል ከአፋቸው አላወጡም። ሳቁብኝ ከፈለጋችሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ያቺን ቃል እጠብቃለሁ።

"እስቲ ድገሚው!" ብዬ ዋኔዋ ላይ ተነሳሁባት።

"ወፍ ዘራሽ" አለች ደግማ፣ የማዕረግ ስም እንደምትጠራ ሁሉ።

አንድ ቁራ ኮፍያውን አወለቀ። ድንቢጧ ጠጠሯን ጥላ እጅ ነሳችኝ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ። የእኛ መሆንዎን ማን ነገረኝ?"

"እርስዎ" ስባል የመጀመሪያዬ ነው።

"እኔ ነኝ የዘራሁት!" አለ ቁራው። "አፍንጫውን እዩት እስቲ!"

"ሂድ ወዲያ!" አለችው ቆቋ። "አንተ ከመስረቅ በቀር መቼ ዘርተህ ታውቃለህ? የዘራሁት እኔ ነኝ። ሲደነግጥ እንዴት እንደሚሮጥ አላያችሁትም?"

አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ቄራ አካባቢ የማይጠፋው ባለ ረጅም እግር፣ በዝግታ እየተራመደ መጣና መላጣውን አጎንብሶ አሳያቸው። "ክርክሩ ለምንድን ነው? ራሱን እዩት፣ ራሴን እዩት።"

ተገፋፉ፣ ላባ ተነቃቀሉ። እኔን "የእኔ ነው" ብሎ የተጣላ ሰው በሕይወቴ አላየሁም። ገላጋይ እንዳይመጣ ጸለይኩ።

ከዚያ ወፍጮ ቤቱ የእናቴ ቤት ሆነ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ዋኔዋ የበራችን ደፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ውጭ ዝናብ ይወርዳል።

"እንዲህ ያለ ዝናብ ነበር" አለችኝ። "አንተን በአፌ ይዤ እበር ነበር። ዝናቡ መታኝና እዚህ ደጅ ላይ ወደቅህብኝ። ጣለችኝ እንዳትል፤ ወደቅህብኝ። ተመልሼ ላነሳህ ስል እናትህ በሩን ከፍታ አየችህ። ልብሷ እስኪያንጠፈጥፍ ቆማ በሁለት እጇ አፈር አለበሰችህ፤ ጎርፍ እንዳይወስድህ ዙሪያህን በድንጋይ ከበበችህ። ከዚህ የተሻለ መሬት ከየት አገኛለሁ አልኩና ተውኩህ።"

"ታዲያ ለምን ዕድሜዬን ሙሉ ጣሪያ ላይ ሆነሽ 'የማን ነህ፣ የማን ነህ' ስትይኝ ኖርሽ?"

"የማን ነህ?" ክንፏን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። "ምነው ልጄ፣ ጆሮህን ምን ነካብኝ? 'የኔ ነህ' እኮ ነው የምልህ! የኔ ነህ፣ የኔ ነህ፣ ጉሮሮዬ እስኪነቃ። አንተ ደግሞ ድንጋይ ታነሳብኛለህ።"

"አልመታሁሽም?"

"አንተ? እንኳን እኔን፣ ቆርቆሮውንም ስተኸው ነው የምትውል።"

አለቀስኩ። በሕልም እንባ አይፈስም የሚል ሰው ካለ ውሸቱን ነው።

"በል ተነስ፣ ፊትህን ታጠብ" አለችኝ። "ሽማግሌ ልንሄድልህ ነው።"

ስንሄድ በዶሮ ተራ አለፍን። ዶሮዎቹ ወንዶችን እግራቸውን አስረው፣ ቁልቁል እያንጠለጠሉ በእጅ ይመዝናሉ። "ይሄ አጥንት ብቻ ነው።" "እንግዲያው ያንን አንሳልኝ፤ እሱ እንኳ ለበዓል ይደርሳል።" አንድ አውራ ዶሮ ያንጠለጠለውን ሰው አቀረበልኝ። የአራተኛ ክፍል አስተማሪዬ ነው፤ ጠመኔው ከኪሱ ይረግፋል።

"ይሄን ትወስዳለህ?" አለኝ አውራ ዶሮው።

"ምን ያደርግልኛል?"

"ያስተምራል።"

"ተምሬዋለሁ" አልኩና አለፍኩ።

"ቢያድግልኝ!" አለ አስተማሪው ቁልቁል እንደተንጠለጠለ። "አባትህ ትልቅ ሰው ናቸው አሉ፤ አንድ ነገር በሉልኝ በላቸው!"

ዋኔዋ ቆማ አየችኝ። ተመልሼ እግሩን ፈታሁለት። እጆቹን እያርገበገበ አጥር ዘሎ ሄደ፤ አመሰግናለሁ እንኳ አላለም። ደስ አለኝ ግን።

አቶ ጓንጉል ግቢያቸው ውስጥ ግራር ላይ፣ ትልቅ ጎጆ ሠርተው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። አባ ኮዳው፣ ዋኔዋና ቁራው ዛፉ ሥር ተደርድረው ቆሙ። ድንቢጧ ሳትጠራ ተከትላ መጥታለች። እኔ ከአጥሩ ኋላ ተደብቄ እሰማለሁ።

"ምን እግር ጣላችሁ?" አሉ አቶ ጓንጉል ከላይ።

"ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው" አለ አባ ኮዳው።

"የማን ልጅ ነው?"

ከአጥሩ በታች ዝቅ አልኩ።

"የእኛ ነው" አለች ዋኔዋ። "እኛ ነን የዘራነው።"

"እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩልኝ።"

ቁራው ጉሮሮውን ጠረገ። "ቢያድግልኝ ወፍ። ወፍ እንቁላል። እንቁላል ወፍ። ወፍ እንቁላል..."

"ይብቃ፣ ይብቃ። ዘሩስ ረጅም ነው። ጠባዩስ?"

"ጠጠር ይወረውራል" አለች ድንቢጧ።

አጥሩን ጨብጬ ያዝኩ። አለቀልኝ አልኩ።

"ግን ይስተናል" አለች። "ሆነ ብሎ ነው የሚስተን። የማናውቅ ይመስለዋል።"

"ሆነ ብሎ?"

"ሆነ ብሎ ነው፣ አባባ።"

አቶ ጓንጉል ከጎጆው አንገታቸውን አውጥተው አጥሩን አሻግረው አዩኝ። እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም። "እንዲህ ከሆነማ" አሉ፣ "እንዲህ ከሆነማ ልጄን..."

"ቢያድግ! አንተ ቢያድግ! ተነስ እንጂ፣ አባዬን ራባቸው!"

ማናህሎሽ ናት። የአጥሚት ሳህን ይዛ ትከሻዬን ትነቀንቀኛለች። ነግቷል።

አቶ ጓንጉል አሁን የሚኖሩት እኛ ቤት ነው። የሚያስታውሱት ነገር የለም። ወንዶች ልጆቻቸው አንተ ውሰድ፣ አንተ ውሰድ ሲባባሉባቸው ማናህሎሽ አምጥታ ከመስኮቱ ሥር አስተኛቻቸው። ልጃቸውን ከጎረቤት አይለዩም፤ እሷ ስታጎርሳቸው ይተፉታል። ከእኔ እጅ ብቻ ነው የሚበሉት። አንዲት ቃል ስጠብቅበት የኖርኩትን አፍ በየጠዋቱ በማንኪያ እመግበዋለሁ።

አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። "አንተ ልጅ" አሉኝ፣ "የማን ልጅ ነህ?"

በየቀኑ ይጠይቁኛል። በየቀኑም ዝም እላቸዋለሁ። ዛሬ ግን እንቅልፉ ገና አልለቀቀኝም ነበርና "የወፍ" አልኳቸው።

ብዙ አሰቡ። አጥሚቱ ከከንፈራቸው ጥግ ወረደ፤ በእጄ ጠረግሁላቸው።

"አውቃቸዋለሁ" አሉ። "ጨዋ ናቸው።"

ከዚያ በጣታቸው ጠሩኝና ጆሮዬ ሥር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ያልተዳረች ልጅ አለችኝ፣ ማናህሎሽ የምትባል። እጅህ ደግ ነው። ለአንተ ብሰጥህ ምን ይመስልሃል?"

ማናህሎሽ በሩ ላይ ቆማ ሽበቷን በሻሽ እያሰረች ነበር፤ እጇ እዚያው ቀረ።

"ኧረ እኔንስ ማን ጠየቀኝ!" አለች።

"እሺ፣ አባባ" አልኩ። "እወስዳታለሁ።"

"እንዲያው በባዶማ አይሆንም" አሉኝ ቆጣ ብለው። "ደንብ አለው። ሽማግሌ ላክ።"

አሉና አፋቸውን ከፈቱልኝ።