ቱልት የሚያጠጣ ገበሬ

ቀጭን ነጭ የናይለን ገመድ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰው በአለቃው ይናደዳል፤ በባቡር መዘግየት ይናደዳል፤ በአማቱ ይናደዳል። እኔ በገመድ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ጊዜ የለንም ብትሉም ልንገራችሁ፤ ባለቤቴን እንደሆነ ሰልችቷታል።

እዚህ ቂርያት ጋት ከተማ፣ ከፎቃችን ጀርባ፣ ባዶ ቦታ ነበረ። ባዶ ስል የተሰበረ ሰድር፣ የሶፋ እግርና የደረቀ ሲሚንቶ የሞላበት ማለቴ ነው። በበጋው ማብቂያ "ጊና ይሁን" ተባለ፤ በዕብራይስጥ የአትክልት ቦታ መሆኑ ነው። መጡ፤ ችካል ተከሉ፤ ገመድ ወጠሩ፤ ቁጥር ለጠፉ። ላመለከተ ነዋሪ ሁሉ ስድስት እርምጃ በአምስት እርምጃ። ፍርስራሹን ማን ያንሣው? ባለ ቁጥሩ።

እኔ መሬት አልፈለግሁም። አስፋልት የምወድ ሰው ነኝ። ጫማዬን ጭቃ ሲነካው የተሰደብሁ ይመስለኛል። ያመለከትሁት ለአባቴ ነው።

አባቴ ወደ ሰማንያ ተጠግተዋል። ጎንደር ሳሉ ከልጅነታቸው ጀምሮ አርሰዋል፤ የራሳቸውን መሬት ግን አላረሱም። ለእኛ ለአይሁድ ሰው ርስት ማን ሰጥቶት? የሰው መሬት አርሰው ሲሶውን ለባለመሬቱ ያስገቡ ነበር። መሬት ለአራሹ በተባለ ጊዜ ለእሳቸውም ደረሳቸው። የደረሳቸው ፍየል እንኳ አስባ የምትወርድበት ገደል ነው። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አውሮፕላን፣ ከዚያ እዚህ። በኢንዱስትሪ ቀጠናው የፋብሪካ ወለል ሲጠርጉ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ከፎቃችን ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሦስት ዓመት ተቀመጡ። ምን እያሰቡ ነው አባ ስላቸው፣ "ምንም" ይሉኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም።

ሰባት ቁጥር እንደደረሳቸው ስነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። በማን ስም? በእርስዎ ስም፣ አልኋቸው። በማግስቱ አግዳሚው ላይ አጣኋቸው። ለካ ገመዱ መሐል፣ ፍርስራሹ ላይ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ምንም አይሠሩም። ቆመዋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ጊናውን የምታስተባብረው ሺራ የምትባል ልጅ ናት፤ ከካርሜ ጋት አዲሶቹ ፎቆች በብስክሌት የምትመጣ። ደግ ናት። የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ ደግ ሰው ላይ እንዴት ይጮኻል? ወረቀቱን ፈገግ ብላ ሰጠችኝ። የመስከረም በዓላት ባበቁ በሳምንቱ ቦታው ተመንጥሮ፣ ተተክሎ፣ የተተከለውም በዓይን መታየት አለበት። አለዚያ ተራ ለሚጠብቀው ሰው ይተላለፋል። ከታች ደግሞ በትንንሽ ፊደል፦ ቦታው የተጠቃሚው ንብረት አይደለም።

አባቴ ፊደል ስላልቆጠሩ ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ። የማን ነው ይላል? አሉኝ። የእርስዎ ነው ይላል፣ አልኋቸው። እንዲህ ነው ነገሬ የጀመረው፤ በውሸት።

ቆይ፣ ስለ በዓላቱ ሳልናገር አላልፍም። በዚህ አገር በመስከረም ምንም አይሠራም። ቧንቧ ቢፈነዳ ከበዓላቱ በኋላ። ጥርስ ቢያም ከበዓላቱ በኋላ። ሰው ለመሞትም ከበዓላቱ በኋላ ቀጠሮ የሚይዝ ይመስለኛል። ፍርስራሹን የሚወስድ መኪና ትልኩልን ወይ ብዬ ሺራን ብጠይቃት፣ ምን አለችኝ? እናንተው ንገሩኝ። ቀነ ገደብ የነበረው ልንተክለው ላሰብነው ለእኛ ጎመን ብቻ ነው።

ስለዚህ በእጄ ለቀምሁ። ከምሠራበት ፋብሪካ ስወጣ፣ በሁለት በዓላት መካከል፣ በዓል ዋዜማ። የበር እጀታ አገኘሁ። የአንድ እግር ጫማ አገኘሁ፤ ሁለተኛውን ፈልጌ አጣሁት፤ በእሱም ተናደድሁ። በዓላቱ ሲያበቁ የመነጠርሁት ሩቡን ነው። ወገቤን ይዤ አግዳሚው ላይ ስወድቅ አባቴ አዩኝና፣ ይሄ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፣ አሉ። ለነገ ደቦ ጠሩ።

ደቦ! በቂርያት ጋት! አትሳቁ። ሽማግሌዎቹ ከየአግዳሚያቸው ተነሡ፤ ከአባቴ ጋር አሥራ አንድ ሰው። መሪያቸው አያ ዋሴ ናቸው፤ የአባቴ የአገር ልጅ፣ ጉልበታቸው ያለቀ፣ ምላሳቸው ያላለቀ። ባለቤቴ የአሥራ አንድ ሰው ምሳና ጠላ ማቅረብ እንዳለባት የሰማችው ጠዋት ነው። ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

እኔ ጠዋት ሥራ ገባሁ። የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። አያ ዋሴ ያዜማሉ፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ከሰገነት ላይ አንዲት ሴት ሠርግ ነው ወይ ብላ ትጠይቃለች። እንደ አገር ቤቱ በአንድ መስመር ተሰልፈው፣ ዶማና መኮትኮቻ ይዘው። ታዲያ አባቴ አስቀድመው ገመዱን ጠቀለሉት። ለምን? ደቦውን ያደናቅፋል። ሲጨርሱ መልሰው ሊወጥሩት በጥንቃቄ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። አሁን በአንድ መስመር እየዘፈነ የሚሄድ ደቦ የት ነው የሚቆመው? ማሳው የሚያልቅበት። ማሳው የት ያልቃል? ገመዱ ኪስ ውስጥ ነው። መንገዱ ጋ ደርሰው ቆሙ።

ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡስ ወርጄ ሳየው፣ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። መሬቱ ቀይ፣ ለስላሳ፣ የተበጠረ ጠጉር መስሏል። ደግሞ ሰፋ። የተመነጠረ መሬት ሰፋ ብሎ ይታያል ለካ፣ አልሁ በልቤ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል?

ድር ቢያብር የጎረቤት ማሳም ይመነጥራል።

ከእኛ ቀጥሎ እስከ መንገዱ ያለው ስምንት ቁጥር የሉድሚላ ነበር። ሉድሚላ በእኛው ፎቅ ሦስተኛው ደርብ ላይ ብቻዋን የምትኖር ሩሲያዊት አሮጊት ናት። ከአባቴ ጋር ሃያ ዓመት በአንገት ብቻ ሰላም ሲባባሉ ኖረዋል። ከእኔ በፊት ነው መሬቷን መሥራት የጀመረችው፤ ከሱ በፊትም በሰገነቷ ላይ በጣሳ ታበቅል ነበር። ምን አበቀለች? ቱልት።

ቱልት! ገበሬ የሆነ ያውቀዋል። ሥሩ እንደ ካሮት ወደ ታች የሚወርድ፣ ዛሬ ነቅላችሁት ነገ የሚስቅባችሁ አረም። የእኛ ሰው ቱልት ማሳ ውስጥ አይቶ ዝም ብሎ ካለፈ ታሟል ማለት ነው። ለእነ ሉድሚላ ግን ምግብ ነው፤ ቅጠሉን ሾርባ ያደርጉታል። በጋውን ሙሉ በሰገነቷ፣ ከዚያም በማሳዋ ላይ በአሮጌ አንሶላ ስታስጠልለው ነበር። ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በዚያው ሳምንት፣ አንሶላውን አነሣችው። አሥራ አንድ የጎንደር ገበሬ በዘፈን መጣበት።

በትሯን ይዛ ወረደች። ትጮኻለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ብትጮኽ እኔም እጮህ ነበር፤ ይሻለን ነበር። እሷ ግን የተገለበጠው አፈር ላይ ቁጭ አለች።

"የእናቴ ነበር" አለች።

ዘሩን ከእናቷ ጓሮ ነው ያመጣችው። ሁለት ጊዜ ዘርታው የዚህ አገር ፀሐይ አቃጠለው። ሦስተኛው ጸደቀላት። ይኼን ሁሉ በተሰባበረ ዕብራይስጥ ነገረችን።

እኔ ምን አደረግሁ? አባቴ ላይ ጮኽሁ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በአሥር ሽማግሌ ፊት። ገመዱን ለምን ነኩት? ገመድ ምን እንደሆነ አያውቁም? ብዬ። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። የት አይተውት ያውቁታል? የራሱ ድንበር ኖሮት የማያውቅ ሰው ድንበር የት አባቱ ይማራል?

አባቴ ወደ እሷ አዩና፣ ትበላዋለች እንዴ? ብለው ጠየቁኝ። ትበላዋለች አልኋቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ፦

"ቱልት አይሞትም በላት። ዕድሜያችንን ስንገድለው ኖረን አልሞተም።"

ተረጎምሁላት። አላመነችም። እሳቸው ግን ቀድመው አረሙ ከተጣለበት ክምር ላይ ተንበርክከው ሥር መልቀም ጀምረዋል።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አስቡት። ሳምንት እንኳ አልቀረንም። እኛ ቤት ሰገነት ላይ የጎመን ችግኝ ተሰልፎ ይጠብቃል። አባቴ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ስምንት ቁጥር ላይ ናቸው። ገመዱን ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው ወጥረዋል፤ ሥሩን በየተራ ይተክላሉ፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ያጠጣሉ፤ አንሶላውን መልሰው ይዘረጋሉ። አያ ዋሴ አግዳሚው ላይ ሆነው ይቀልዱባቸዋል። ሰው አገር ሲያረጅ ቱልት ያጠጣል፣ ነገ ደግሞ እንክርዳድ ዝራ ይሉሃል፣ ይሏቸዋል። አባቴ ቀና ሳይሉ፣ ያጠፋሁትን ነው የማለማው፣ አንተም ነቅለሃል፣ ና ውኃ አምጣ፣ ይላሉ። አያ ዋሴም እየተሳደቡ ያመጣሉ።

የእኛን እንትከል አባ፣ አልኋቸው። እምቢ አሉ። የሰው ማሳ ባዶ አድርጎ የራሱን የሚዘራ ሰው ቡቃያው አያምርለትም። ወረቀቱስ? አልሁ። ወረቀቱን አንተ አንብበው፣ አሉኝ። ይባስ ብለው ቱልቱ እስኪያቆጠቁጥ ስምንት ቁጥር ራቁቱን እንዳይሆን የእኛን የጎመን ችግኝ ሁሉ ወስደው እዚያ ተከሉት። አንድም ሳያስቀሩ!

የቀረን ነጭ ሽንኩርት ነው። እሳቸው ሳይነሡ፣ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ ጫማዬ ላይ የፌስታል ከረጢት አጥልቄ ሰባት ቁጥርን ሙሉ ነጭ ሽንኩርት ተከልሁ። ተደብቄ! የአባቴን መሬት እንደ ሌባ ዘራሁ።

ሺራ በቀኑ መጣች፤ ይቺ ልጅ ቀን አትስትም። ስምንት ቁጥርን አየች። ጎመኑ ተሰልፏል፤ በመካከሉ የቱልቱ ቅጠል እንደ ጥንቸል ጆሮ ብቅ ብቅ ብሏል። ምን ያምራል አለች፤ ፎቶ አነሣች። ሰባት ቁጥርን አየች። ባዶ ነው አለች።

ባዶ አይደለም፣ ከሥር ነጭ ሽንኩርት አለበት፣ አልሁ። በዓይን መታየት አለበት ይላል፣ አለች። ላሳይሽ ብዬ ተንበርክኬ በጣቴ ቆፈርሁ። አንዷን ፍሬ አወጣሁ። ሥሯ ወደ ሰማይ ነበር። ሌላዋን አወጣሁ። እሷም። ሁሉንም ዘቅዝቄ ነው የተከልኋቸው። አባቴ ከኋላዬ ቆመው አዩ። እኔ ገመድ አያውቁም ብዬ የጮኽሁባቸው ሰው አንዷን ፍሬ ከእጄ ወስደው ሥሯን ወደ ታች አድርገው መለሱልኝ።

ሺራ በጣም አዘነች፤ ከልቧ። እንደገና ማመልከት ይቻላል፣ ከፋሲካ በኋላ፣ አለች። ቁጥሩን ከችካሉ ነቅላ በብስክሌቷ ሄደች።

ወደ አባቴ ሳልዞር፣ "አባ፣ ወረቀቱ እኮ የእርስዎ ነው አይልም ነበር" አልሁ።

"አውቃለሁ። ስታነብልኝ ጆሮህ ቀልቶ ነበር" አሉ።

ይኼኔ ሉድሚላ ወረደች። ቆማ ጎመኑን አየች፤ ቱልቱን አየች፤ አንድ ቅጠል ቀንጥሳ አኘከች። ከዚያ ጉልበቴ አልቋል አለች። አባትህ መሬቴን ይያዝልኝ፤ የሚበቅለውን እኩል እንካፈል። ሰምታችኋል? ደም ሥሬ ተገተረ። ባሕር ተሻግረን፣ ርስታችን ነው በተባለ አገር፣ አባቴ ዳግመኛ የሰው መሬት ሊያርሱ! ተረጎምሁላቸው። እምቢ ይበሏት አባ፣ ብዬም ጨመርሁበት።

"እኩል ነው ያለች?" አሉኝ።

"እኩል።"

በጣታቸው ቆጠሩ። ጎንደር ለባለመሬቱ ሲሶ ብቻ ነበር።

"በዚህ አገር ሁሉ ነገር ውድ ነው" አሉና፣ ዶማቸውን አነሡ፤ ገመዱን እንዳይነኩ እግራቸውን ከፍ፣ በጣም ከፍ አድርገው ተሻገሩ።