እጅ የማይነካው ቴሌስኮፕ

«በራሱ የሚሠራ» የሚባል ነገር በዚህ ዓለም ላይ የለም። በራሱ የሚያጠና ልጅ አይታችኋል? በራሱ የሚሞላ የውሃ ታንከርስ? (ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ዓለም ባንክ ሰፈር የምትኖሩ አትመልሱልኝ… ይገባኛል።) በራሱ ይሠራል ከተባለ ነገር ሁሉ ጀርባ አንድ የተረሳ ሰው አለ። እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ የተረዳሁትም ወላጅ በሞላበት አዳራሽ ውስጥ ነው።

እዚያው ዓለም ባንክ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ለዓመታት ፕላኔቶችን ሳስተምር የኖርኩት በጠመኔ ነው። ጁፒተርን በሻይ ብርጭቆ አፍ፣ መሬትን በሳንቲም እየለካሁ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ። ታዲያ አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ደህና ቴሌስኮፕ ላከልንና እኔ ሆዬ አርፌ አልቀመጥኩም። «የራሳችን የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ ይኑረን» አልኩ። ሲመሽ ጣሪያውን በራሱ የሚከፍት፣ በራሱ ፎቶ የሚያነሳ፣ ፎቶውን በራሱ አዳራሹ ውስጥ ወዳለው ስክሪን የሚልክ። ልጆቹ ይማሩበታል፣ ምስሉም ተጠራቅሞ ለተመራማሪዎች ይላካል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይሄ ነው።

ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ሰብለ ፎቅ አናት ላይ ያለችውን የተሰባበሩ ወንበሮች መጋዘን ለቀቁልኝ። ሲለቁልኝ ግን እንዲህ ብለው ነው።

«ወንበሮቹን ላንተ ብዬ ሜዳ ላይ አውጥቻለሁ። ዓርብ የወላጅ ኮሚቴ ይመጣል። ማሽንህ ሰው ሳይነካው ጣሪያውን ከፍቶ አንድ ፎቶ ካላመጣ፣ ቅዳሜ ጠዋት ወንበሮቹ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።»

ልብ በሉልኝ። ከተሰበረ ወንበር ጋር ተወዳድሬ ልሸነፍ ነው! ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ጣሪያውን አስኮ ያለ አንድ በያጅ ሠራልኝ። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የጊቢ በር ሲሠራ የኖረ ነው። «አሁን የምትሠራው የሰማይ በር ነው» ብዬ ብነግረው «ታዲያ መቀርቀሪያው በውጭ ይሁን በውስጥ?» አለኝ። ብቻ አሳመረው። ሁለት ጠፍጣፋ ክንፍ አለው፤ ሞተሩ ሲነሳ ክንፎቹ ግራና ቀኝ ይሸሹና መሐሉ ክፍት ይሆናል። እኔ ደግሞ ኮምፒውተሩን አስተማርኩት፦ ደመና ካለ አትክፈት፣ ዝናብ ካለ አትክፈት፣ ነፋስ ካየለ አትክፈት። ሊቅ አደረግኩት ማለት ይቻላል።

ዓርብ ጠዋት እትዬ አስካለ ደረጃው ላይ አገኙኝ። እትዬ አስካለ የመምህራን ክበባችን ወጥ ሠሪ ናቸው። ሽሯቸውን የቀመሰ መምህር ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወር አይታይም።

«ልጄ፣ ያ አዲሱ ጣሪያ ላይ ተማሪ ይወጣል?» አሉኝ።

«ማንም አይወጣም፣ እትዬ።»

«ድመትስ?»

«ድመትም አትደርስበትም።»

«ዛሬ የሚነካው ሰው የለማ?»

እዚህ ላይ ደረቴን ነፋሁ። «እትዬ አስካለ፣ ያንን ጣሪያ ከዛሬ ጀምሮ የሰው እጅ የሚባል አይነካውም።»

«ተባረክ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። እኔ ለሳይንስ የመረቁ መስሎኝ «አሜን» አልኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን አዳራሹ ሞላ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ደጀኔ ከጦር ኃይሎች እስከ ዓለም ባንክ በታክሲ ሰልፍና በመንገድ መዘጋጋት ተንገላተው ስለመጡ ፊታቸው ከወዲሁ ተቆጥቷል። እኔ ሱፌን ለብሼ፣ ሁለቱን እጆቼን ወደ ላይ አንስቼ አሳየሁ። «እንደምታዩት ምንም አልነካም» አልኩ። ሰዓቱ ሲደርስ ከላይ ጥርርር የሚል ድምፅ ተሰማ። ጣሪያው ተከፈተ! ቀጥሎ ዱብ የሚል ነገር ሰማሁ፤ በደስታ የሚመታው ልቤ ነው ብዬ አለፍኩት። ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ ላይ ፎቶው መጣ።

ቀይ ነው። ድብን ያለ ቀይ።

እኔ ያዘዝኩት ጨረቃን ነበር። ጨዋ ሰው እዚህ ላይ «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ልየው» ይላል። እኔ ግን ወንበሮቹ ታዩኝ። የተሰበረ እግራቸውን እየጎተቱ ደረጃውን ሲወጡ ታዩኝና አፌ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ።

«ክቡራትና ክቡራን… ማሽናችን ጨረቃን ንቆ ማርስን መርጧል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አቶ ደጀኔ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«እንዲህ ቅርብ ነው እንዴ?»

«ቴሌስኮፑ ያቀርበዋል።»

«እነዚህ ነጫጮቹስ ምንድን ናቸው?»

«የበረዶ ክምር ሳይሆን አይቀርም።»

«በረዶ ካለ ውሃ አለ ማለት ነዋ።»

«ተመራማሪዎች እንደዚያ ይላሉ።»

«ከእኛ ሰፈር ይሻላል ማለት ነው» አሉና ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። እኔም እያማረልኝ ሄደ። ስለ ማርስ አፈር፣ ስለ ብረት ዝገቱ፣ ስለ አቧራ ማዕበሉ አብራራሁ። ጥቋቁሮቹን ነጥቦች «የጥንት እሳተ ገሞራዎች» አልኳቸው። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ለእንግዳ ቆሎ ሊያዞሩ የገቡት እትዬ አስካለ ሳህኑን እንደያዙ ስክሪኑ ፊት ቆሙ። አንገታቸውን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አዘነበሉ።

«ልጄ፣ ይሄ በረዶ አይደለም። ነጭ ሽንኩርት ነው።»

አቶ ደጀኔ ማስታወሻ መጻፋቸውን አቆሙ።

«በእጄ የላጥኩትን አላውቀውም? ይሄ የኔ ድልዝ ነው! እሳተ ገሞራ ያልከው ጥቁር አዝሙድ ነው። አንተ አይደለህ ጣሪያውን እጅ አይነካውም ያልከኝ?»

ወደ ላይ የሮጥኩት በሁለት ሁለት ደረጃ ነው። እትዬ አስካለ ለዓመቱ የሚሆነውን የክበቡን በርበሬ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከነቅመማ ቅመሙ ደልዘው፣ ጆንያ ዘርግተው፣ ልክ ሁለቱ ክንፎች በሚገናኙበት መሐል ላይ አስጥተውታል። ምን ያድርጉ፣ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ልጅ የማይረግጠው፣ ድመት የማይደርስበት ንጹሕ ቆርቆሮ በሰፈሩ ሌላ የት አለ? ክንፎቹ ግራና ቀኝ ሲሸሹ ጆንያው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ድልዙ ግን ወርዷል። ቴሌስኮፑ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ እስከዛሬ ማንም ያልጎረሰውን ጉርሻ ጎርሷል። ኮምፒውተሩን ስለ ደመና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ነፋስ አስተምሬው ነበር። ስለ በርበሬ ግን አንድም ቃል አልነገርኩትም።

ተከትለውኝ የወጡት አቶ ደጀኔ ሦስት ጊዜ አስነጠሱና «ማርስ ይሰነፍጣል» አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንባዬ መጣ፤ ደግሞ ሁሉም በበርበሬው አልነበረም። እነዚያ ልጆች ከነገ ጀምሮ እንደገና የሻይ ብርጭቆ አፍ ሊያዩ ነው።

ከእትዬ አስካለ ጋር የደረሱት ወይዘሮ ሰብለ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው «እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት…» ሲሉ እትዬ አስካለ አቋረጧቸው።

«ወይዘሮ ሰብለ፣ ጣሪያው ተከፍቷል?»

«ተከፍቷል።»

«ሰው ነክቶታል?»

«አልነካውም።»

«ፎቶ መጥቷል?»

«መጥቷል… ግን…»

«ታዲያ ማሽኑ ምን አጠፋ? ያየውን ነው ያነሳው። የዋሸው መምህሩ ነው።»

ወይዘሮ ሰብለ እኔን አዩ፣ ቴሌስኮፑን አዩ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪንፈራፈሩ ሳቁ። ክፍሉ ተረፈ! ቅጣቴም እዚያው ተነገረኝ፦ አዲስ በርበሬ ተደልዞ እስኪደርቅ ድረስ ጣሪያው ቀን ቀን የክበቡ ነው፤ ማታ ማታ የሰማዩ። በርበሬውን የምትቀነጥሰውም፣ ነጭ ሽንኩርቱን የምትልጠውም፣ የምትደልዘውም አንተ ነህ ተባልኩ።

ቴሌስኮፑን ፈታትቼ በጥርስ ብሩሽ ሳጸዳ ከረምኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ ደግሞ ሌላ ሰው ያሰጣውን ለቀምኩ። ኮምፒውተሩንም አንድ ትእዛዝ ጨመርኩለት። አሁን ደመናውን ያያል፣ ዝናቡን ያያል፣ ነፋሱን ያያል፤ በመጨረሻም እትዬ አስካለ «አንስቻለሁ» ለማለት ሚስኮል እስኪያደርጉለት ይጠብቃል። ሚስኮል ከሌለ ሰማይ የለም። በራሱ የሚሠራው ጣቢያችን የሚሠራው እንዲህ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጨረቃን አነሳናት። ያን ማታ በጥቁር አዝሙድ የፈጠርኩት እሳተ ገሞራ አሁን በእውነተኛ የድንጋይ ጉድጓድ ተተክቶ ሲታይ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ እኔም ዋጥኩ። ብቻ ከጥጓ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። ብሩሼ ያልደረሰባት፣ ካሜራው መስታወት ላይ የቀረች የበርበሬ ቅንጣት ናት። የምናነሳው ኮከብ ሁሉ ላይ ትገኛለች። ተማሪዎቼ «አስካለ» ብለው ስም አውጥተውላታል።

ክብር ነው ብዬ ለእትዬ አስካለ አሳየኋቸው። ሰማይ ላይ በስማቸው የተጠራች ነገር! ረጅም ጊዜ አይተዋት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህን ሁሉ ቀን ከሰነበተችማ ደርቃለች፤ ሰኞ ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ፣ አውርድልኝ» አሉኝ።