ለአንድ ብሎክ መንገድ የተደረገ ሽኝት

እኛ ሰው መሸኘት አንችልበትም። ማለቴ፣ ከመጠን በላይ ስለምንችልበት ነው የማንችልበት። እንግዳ "በሉ እንግዲህ ልሂድ" ብሎ ከተነሳ በኋላ ነው ዋናው ጨዋታ የሚጀመረው። በር ላይ ያልተወራው ይወራል። ደረጃው ላይ የታመመ ሰው ይጠየቃል። መኪናው ጋ ሲደረስ "እንዴ፣ አልሰማሽም እንዴ?" ተብሎ አንድ የሞተ ሰው ይነሳና እንደገና ይለቀሳል። እንግዳው ገብቶ፣ ቀበቶውን አስሮ፣ ሞተሩን አስነስቶ እንኳ መስኮቱ ላይ የተደገፈ አንድ ሰው አይጠፋም። እዚህ አሜሪካ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከምግብ ቤት የሚወጡ ሰዎችን አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ከበሉበት ሰዓት የተሰነባበቱበት ይረዝማል። የፓርኪንግ ቅጣት የሚጽፈው ሰውዬ ባይኖር አንዳንዱ እስካሁን እዚያው ይቆም ነበር።

ፈረንጅ "ባይ" ይላል፤ ይሄዳል። ዞር እንኳ አይልም። እዚህ አገር የመጣሁ ሰሞን ሁሉም የተጣሉ ይመስለኝ ነበር።

እኔ ደግሞ ከሁላችንም የባስኩ ነኝ። ሌላው ሸኝቶ ይመለሳል፤ እኔ እግሬ ቢመለስም ልቤ አይመለስም። ባሌ ከማል ዌስትቼስተር ካለው ሆቴል ወደ ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ከቤት ሲወጣ መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ መስኮት ላይ ነኝ፤ ከጠፋ በኋላም ትንሽ እቆያለሁ፣ ምናልባት ቢመለስ ብዬ። ልጄን ኢክራምን ግን ሸኝቼ አላውቅም። የት ትሄዳለች? ከተወለደች ጀምሮ ቀሚሴን ይዛ ነው የኖረችው። ወይም እኔ ነኝ ቀሚሷን ይዤ የኖርኩት። ማን ማንን እንደያዘ ከማል ያውቃል፤ ሰላም ስለሚወድ ግን አይናገርም።

አምና ለትንንሾች የሚሆን ትምህርት ቤት አስገብተናት ነበር። ሳምንት አልቆየንም። እሷ ውስጥ ሆና አለቀሰች፣ እኔ ውጭ ሆኜ አለቀስኩ፤ አስተማሪዋ አንዷን አባብላ ወደ ሌላዋ መሮጥ ሲሰለቻት እጇን ይዛ አምጥታ ሰጠችኝ። ዘንድሮ ግን አምስት ሊሞላት ነው፣ ኪንደርጋርተን ናት። ከማል "ሶ፣ ዘንድሮ ማምለጫ የለም" አለ። ለልጅቷ የሚናገር መስሎ እኔን እያየ።

እኔ ክረምቱን በሙሉ ሳስብ ከረምኩ። ጁሷን ማን ይከፍትላታል? የወይን ፍሬ ለሁለት ሳይቆርጡ ቢሰጧትስ? ሽንት ቤት ስትፈልግ ለማያውቁት ሰው አትናገርም፣ ጸጥ ብላ እግሯን ታጣምራለች፤ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለማን ተነግሮ ያልቃል?

ከታችኛው ፎቅ አንድ ሽማግሌ ይኖራሉ፤ ብሬንዳን ይባላሉ፣ የአየርላንድ ሰው ናቸው። ኢክራም ጸጉሩ የሸበተ ሁሉ ጋሼ ስለሚመስላት "ጋሼ ብሬንዳን" ትላቸዋለች። እሳቸውም ወደውታል፤ አሁን ስልክ ሲያነሱ ራሱ "ጋሼ ነኝ" ይሉኛል። ጡረታ እስኪወጡ ካልቨር ሲቲ ለፊልም ሠሪዎች አናጢ ነበሩ። ፊቱ ቤተ መንግሥት፣ ጀርባው ባዶ ጣውላ የሆነ ነገር ሲሠሩ ኖሩ። ስንት የባቡር ጣቢያ እንደሠሩ አያስታውሱም፤ አንዱም ጋ ግን ባቡር ቆሞ አያውቅም።

ጡረታ ሲወጡ እሳቸውና ጓደኞቻቸው ከተራራው ማዶ፣ ደረቁ ሜዳ ላይ፣ የእውነት ጣቢያ አገኙ። ባቡሩ ከቀረ ስንት ዘመኑ፣ ሀዲዱም ተነቅሎ ተወስዷል፤ ጣሪያው የእርግብ፣ ወለሉ የአይጥ ሆኗል። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄዱ በነፃ ያድሱት ጀመር። ማንም አልከፈላቸውም፣ ማንም አልላካቸውም።

ፉርጎም አገኙ። ድሮ ለአንድ ፊልም ተብሎ በመርከብ ከአየርላንድ የመጣ የእንጨት ፉርጎ ነው። ፊልሙ አለቀና የሚመልሰው ጠፋ፣ አንድ ግቢ ጥግ በላስቲክ ተሸፍኖ ስንት ዓመት ቆመ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የአየርላንድ ሀዲድ ከአሜሪካው ይሰፋል። አንድ ስንዝር አይሞላም ልዩነቱ፤ ለባቡር ግን አንድ ጣትም ቢሆን መገልበጥ ነው። እግሩን እንቀይርለት ያሉ ነበሩ። ጋሼ ብሬንዳን "ሀዲድ እንደሆነ የለንም፤ አዲስ ማንጠፋችን ካልቀረ በእሱ ልክ እናንጥፍለት" አሉ። አነጠፉለት። ርዝመቱ ቢበዛ አንድ ብሎክ ነው፣ ከአንዱ የመንገድ ማዕዘን እስከሚቀጥለው፤ አሜሪካ ውስጥ ካለ ከየትኛውም ሀዲድ ጋር አይገናኝም።

"ሶ፣ ባቡሩ የት ነው የሚሄደው?" አላቸው ከማል።

"እዚያ ጋ" አሉት በጣታቸው እያሳዩ።

"እየታየ?"

"እየታየ።"

ይሄኔ "ልክ እንደ እኛ፣ እንደ ስደተኛው" ልትሉ አፋችሁን ከፍታችሁ ይሆናል። ከማልም ብሎታል፣ ብሎም በራሱ ረክቷል። እኔን ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነው። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሻው ላይ ቆመው መድረሻው የሚታይ መንገድ አየሁ። እንደ እኔ ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ ባቡር አይሠራም።

እናም ቅዳሜ ቅዳሜ ኢክራምን ይዤ አብሬያቸው መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቀን ደቦ መስሎኝ ለሁሉም የሚበቃ ምግብ ሠርቼ ሄድኩ። እነሱ እያንዳንዳቸው ሳንድዊቻቸውን ይዘው የየራሳቸው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ቀስ ብሎ መጥቶ "የማን ልደት ነው?" አለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሳንድዊች ይዞ የመጣ አልነበረም።

ሥራዬ የመንገደኛ ማረፊያውን አግዳሚ ወንበሮች መፋቅ ነበር። አረንጓዴው ቀለም ሲነሳ ቡኒ፣ ቡኒው ሲነሳ ቢጫ፣ ከሁሉም ሥር እንጨቱ ራሱ። እንጨቱ ላይ ታዲያ ሰው የተቀመጠበት ቦታ ጎድጎድ ብሏል፤ እዚህ አንድ ሰው፣ እዚህ አንድ ሰው፣ እዚያ ደግሞ ሰፋ ያለ፣ ልጅ የታቀፈች ሴት ይመስለኛል። ኢክራም እዚያ ሰፊው ላይ ትተኛለች። የመስኮቱ መስታወት የጥንት ነው፣ ወጣ ገባ ይላል፤ በሱ ውስጥ ሲያዩት ተራራው እንደ ውሃ ይወዛወዛል። ነፋሱ ሲመጣ ከሩቅ የሚጮህ ነገር ያለ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ፍቄ ፍቄ ሲደክመኝ ልጄ ጎን ጋደም እልና እዚያ የጠበቁት ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ ይታዩኛል። ሻንጣቸውን በእግራቸው መካከል አድርገው። ባቡሩ ሊመጣ ነው፣ ግን አይመጣም፣ እነሱም አይቸኩሉም። ስነቃ እጄ ውስጥ የቀለም ቅርፊት አለ፤ ወደ ትምህርት ቤቱ የቀረው ጊዜ ደግሞ አንሷል።

ፉርጎው የሚነሳበት ቀን ትምህርት ሰኞ ሊከፈት ሲል፣ ሁለት ቀን ቀድሞ ያለው ቅዳሜ ሆነ። በሳምንቱ መሃል ጋሼ ብሬንዳን "መጀመሪያ የምትሳፈረው ኢክራም ናት" አሉኝ።

"ከእኔ ጋር?"

"ብቻዋን። ወለሉ ገና ትልቅ ሰው አይችልም።"

ትልቅ ሰው የማይችል ወለል ልጅ መቻሉን በምን አውቃለሁ? እንዲህ ሲጨንቀኝ የምሄደው እትዬ ዘምዘም ጋ ነው። እትዬ ዘምዘም ፌርፋክስ ላይ ቅመማ ቅመም የሚሸጡ፣ የወሎ ሰው፣ የሰፈሩ ሁሉ እናት ናቸው። "ኢክራም ቅዳሜ በባቡር ብቻዋን ልትሄድ ነው" አልኳቸው።

"ወዴት?"

"ከተራራው ማዶ ነው ባቡሩ።"

"አብሽሪ፣ ልጄ" አሉኝ፤ "አላህ ያውቅላታል።"

ርቀቱን አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ሽኝት መሆኑን ብቻ ነው የሰሙት።

ቅዳሜ ሦስት መኪና ሙሉ ሰው መጣ። እትዬ ዘምዘም ሱቃቸውን ዘግተው፣ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ለስንቅ፣ አንድ ብርድ ልብስ ደግሞ "ባቡር ውስጥ ይበርዳል" ብለው ይዘው። በዚያ ሙቀት! ከመኪናው ወርደው ጣቢያውን አዩ፣ ፉርጎውን አዩ፣ ሀዲዱን በዓይናቸው ተከተሉት። ዓይናቸው ቶሎ ደረሰ።

"ዘሀራ፣ ሌላው የታል?"

"የቱ?"

"ሀዲዱ ነዋ!"

"ይኸው ነው፣ እትዬ።"

"ለዚች ነው ሱቄን የዘጋሁት? በእግሯ ብትሄድ አትቀድመውም? ያረቢ! እኔ እኮ ትናንት ማታ አልቅሼላታለሁ!"

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ማንም ወደ መኪናው አልተመለሰም። እትዬ ዘምዘም ነጠላቸውን አስተካከሉና "በሉ፣ መጥተናል፤ እንሸኛት" አሉ። ሸኘናት። ዱዓ ተደረገ። አንድ በአንድ ተሳመች፤ ጉንጯ፣ ግንባሯ፣ እንደገና ጉንጯ። ዳቦ ቆሎው ኪሷ ውስጥ ተሞላ፣ ብርድ ልብሱ ትከሻዋ ላይ ተደረገ። ሲስቅ የነበረው ሰው ዓይኑን መጥረግ ጀመረ። ማን ለማን እንዳለቀሰ እኔንጃ፤ ሁሉም የየራሱ ያልጨረሰው ሽኝት አለው መሰለኝ። ሽማግሌዎቹ አናጢዎች መጀመሪያ ግራ ገባቸው፣ ቀጥሎ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ኢክራም እንደ ትልቅ መንገደኛ ብርድ ልብሷን እየጎተተች ገባችና መስኮቱ ጋ ተቀመጠች።

ፉርጎው ሞተር የለውም። ይገፋል። በዚያ ቀን ደግሞ ሙቀቱ በርትቶ ከሽማግሌዎቹ ግማሾቹ ቀርተዋል። ያሉት ገፉ፤ ንቅንቅ አላለም። ጋሼ ብሬንዳን ላባቸውን እየጠረጉ ወደ እኛ ዞሩ። አንድ በአንድ አዩን።

በየትኛው አገር ነው ሸኚ መንገደኛውን ገፍቶ የሚሸኝ? ግን ገባንበት። እኔ ከኋላ፣ ጣውላው ላይ፣ ሁለት እጄን ለጥፌ። ከዚያ ሆኜ ልጄ አትታየኝም፤ ፊቴ ላይ ያለው እንጨት ብቻ ነው፣ አዲስ ቀለም ይሸታል። ጋሼ ብሬንዳን የፍሬኑን ብረት ይዘው ከጎን ቆሙ። "ቢስሚላህ!" አሉ እትዬ ዘምዘም፤ ገፋን። እንደገና ገፋን። አንድ ነገር ከሥር አቃሰተ፣ ከዚያ ጣውላው ከእጄ መሸሽ ጀመረ። ልጄን ከእኔ እንዳትርቅ ዓመቱን ሙሉ የያዝኩበት እጅ፣ ያው እጅ፣ እየገፋት ነው።

ከመሃል በኋላ ሀዲዱ ትንሽ ቁልቁል ይላል። "አሁን ልቀቁት፣ ራሱ ይሄዳል!" አሉ ጋሼ ብሬንዳን። ሁሉም ለቀቀ።

"ዘሀራ፣ ልቀቂ እንጂ!" አሉኝ እትዬ ዘምዘም።

"ለቅቄያለሁ!"

"ለእጅሽ አልነገርሽውማ!"

አየሁት። እጄ ጣውላው ላይ ነው፣ እግሬም ከኋላ ከኋላ ይሮጣል። አንዱን ጣት፣ ሌላውን ጣት፣ ለቀቅኩ። ፉርጎው ሄደ። እኔ የለቀቅኩት ነገር የሚቆም ይመስለኝ ነበር፤ አልቆመም። ሳይንገጫገጭ፣ ሳይቸኩል፣ በራሱ ስፋት ባለው ሀዲድ ላይ፣ ሕልም ውስጥ እንዳለ ነገር ሄደ። ጎን ለጎን ፈጠን ብዬ ስራመድ በመስኮቱ አየኋት። እኔን አልነበረም የምታየው። ፊት ፊቱን ነበር የምታየው፣ አፏን ትንሽ ከፍታ።

መድረሻው ላይ ስትወርድ ሁላችንም በእግራችን ቀድመናት ቆመናል። ዞር ዞር ብላ አየችን።

"ማሚ፣ እናንተም እዚህ ነው የምትኖሩት?"

"እንኳን ደህና ገባሽ! አገሩ እንዴት ነው?" አሏት እትዬ ዘምዘም።

"ሆት ነው" አለች ብርድ ልብሷን እየሰጠቻቸው።

ሰኞ መጣ። ትምህርት ቤቱ ከቤታችን አንድ ብሎክ ነው። በሩ ላይ ሳምኳት፣ አንዴ ብቻ፣ እንደ ፈረንጅ። "ባይ" አልኩ፣ ዞርኩ፣ አጥሩን ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ጥቂት እንደሄድኩ "ማሚ!" የሚል ሰማሁ። በቃ፣ አልኩ፣ አለቀሰች። ለቅሶዋን ሳልሰማ የእኔ ቀደመ።

ዞር ስል በሽቦ አጥሩ ውስጥ፣ በእኔ ትይዩ ቆማለች። ፊቷ ደረቅ ነው።

"ምን ሆንሽ?"

"ልሸኝሽ ነው።"

እሷ በውስጥ፣ እኔ በውጭ፣ እኩል መራመድ ጀመርን። በየምሰሶው ትቆማለች፣ አዲስ ጨዋታ ታመጣለች። ዳዲ ምሳ ይዟል ወይ? ጋሼ ብሬንዳን ዛሬ የት ናቸው? የእትዬ ዘምዘም ብርድ ልብስ ታጠበ? አስተማሪዋ ከሩቅ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየናለች፤ የእኛን ሽኝት ገና አታውቀውም፣ ዓመቱ ረጅም ነው፣ ትለምደዋለች። አጥሩ የሚያልቅበት ደረስን። ኢክራም ኪሷን በርብራ፣ በሽቦው ቀዳዳ እጇን አወጣችና መዳፌ ላይ የቅዳሜን ዳቦ ቆሎ አስቀመጠች። ሞቋል፣ ከኪሷ ክርም ይዟል።

"ለመንገድሽ" አለችኝ።

ከዚያ "ባይ" አለችና ሮጠች። ዞር እንኳ አላለችም።

ቤቴ ያችው አንድ ብሎክ ናት። ስንቄን ሳልጨርስ እንዳልደርስ ቀስ ብዬ ሄድኩ።