ሲጫኑት የሚያለቅስ ኪቦርድ

(የልምምድ ክፍል። ኪቦርዲስቱ ነገ አንድ ትልቅ ባንድ ዘንድ ይፈተናል፤ ካለፈ ከሠርግ ሠርግ መንከራተት ቀረለት። የእህቱ ባል፣ ድምፅ ተቆጣጣሪው፣ ድምፅ ከሚያስተካክልበት ሚክሰር ኋላ ተቀምጦ ሻዩን ያማስላል። ጭቅጭቁ ከሁለቱ ኪቦርዶች፣ ከከባዱና ከቀላሉ፣ ነገ አራት ፎቅ ደረጃ የሚወጣው የትኛው ነው በሚል ነው። ኪቦርዲስቱ ይህን ሰው ባየ ቁጥር ለእህቱ ያዝናል።)

ኪቦርዲስቱ፦ ቀላሉን አልወስድም አልኩህ። ይሄኛው ነፍስ አለው።

ድምፅ ተቆጣጣሪው፦ ነፍሱ ነዋ ወገቤን የቆረጠኝ።

ኪቦርዲስቱ፦ ስማኝ አማቼ። ያኛውን ስትነካው ይጮኻል፣ አለቀ። ይሄኛውን ግን ከነካኸው በኋላ ጣትህን ሳታነሳ ጠበቅ አድርገህ ስትጫነው ድምፁ ያብጣል፣ ያለቅሳል።

ድምፅ ተቆጣጣሪው፦ ካልተጫንኩትስ?

ኪቦርዲስቱ፦ አያለቅስማ።

ድምፅ ተቆጣጣሪው፦ ታዲያ ምን አድርጎህ ታስለቅሰዋለህ?

ኪቦርዲስቱ፦ (ትንፋሹን ውጦ) የባንዱ አለቃ የጠራኝ ለዚህ ጣት ነው። ተመልከትና ተማር።

(ቁልፉን ይጫናል። ዓይኑን ይጨፍናል፣ ግንባሩ ይቋጠራል፣ የአንገቱ ሥር ይገተራል። ድምፁ ግን እንደነበረው ነው። ጣቱ እስኪነጣ ይጫናል። ምንም የለም።)

ኪቦርዲስቱ፦ ጉድ ሆንኩ። ተበላሽቷል።

ድምፅ ተቆጣጣሪው፦ ኧረ ደህና ነው። ሻይ ይዤ ስለነበር ነው።

ኪቦርዲስቱ፦ ሻይህንና የኔን ጣት ምን አገናኛቸው?

ድምፅ ተቆጣጣሪው፦ (ብርጭቆውን አስቀምጦ) እስቲ አሁን ድገመው።

(ይደግማል። ድምፁ አብጦ ክፍሉን ይሞላዋል። ኪቦርዲስቱ አንድ ዓይኑን ገለጥ ሲያደርግ፣ የአማቹ ጣት የድምፅ መጨመሪያውን ቀስ አድርጎ ሲገፋ ያያል።)

ኪቦርዲስቱ፦ ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?

ድምፅ ተቆጣጣሪው፦ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ፊትህ ሲኮማተር እጨምራለሁ፣ ሲፈታ እቀንሳለሁ። ምልክት የምትሰጠኝ መስሎኝ ነበር።

ኪቦርዲስቱ፦ ጥርሴን ያመመኝ ቀንስ?

ድምፅ ተቆጣጣሪው፦ ያን ቀንማ ሕዝቡ ቆሞ ነው ያጨበጨበልህ።

ኪቦርዲስቱ፦ ሻጩ ሲጫኑት ይሠራል ብሎኝ ነበር።

ድምፅ ተቆጣጣሪው፦ አልዋሸህም። ግን ያ ነገር መጀመሪያ በበተን መከፈት አለበት፣ መመሪያው ላይ ተጽፏል። አውቀህ ያጠፋኸው መስሎኝ ነው።

ኪቦርዲስቱ፦ ለምን አልነገርከኝም?

ድምፅ ተቆጣጣሪው፦ መቼ ማስረዳትህን ጨረስክና።

(አንዲት በተን ነክቶ ያበራዋል። ኪቦርዲስቱ እንደለመደው በትከሻው ጭምር ይጫናል። ኪቦርዱ ጅራቱን እንደተረገጠ ድመት ይጮኻል። ቀስ አድርጎ ይሞክራል፤ ጣቱ ግን ቀስ ማለትን አያውቅም። ሦስት ጊዜ ይሞክራል፣ ድመቷም ሦስት ጊዜ ትረገጣለች።)

ድምፅ ተቆጣጣሪው፦ ጥሩ ነገር ነው፤ ለስላሳ ጣት ላለው ሰው። አንድ ወር ብትለማመድ ይገባሃል።

ኪቦርዲስቱ፦ ፈተናው ነገ ነው እኮ። አጥፋልኝ። ነገ አብረኸኝ ትመጣለህ፣ እባክህ።

ድምፅ ተቆጣጣሪው፦ (ሻዩን እያነሳ) እመጣለሁ። ግን ቀላሉን ኪቦርድ ነው የምንወስደው። እኔ የማየው ፊትህን ነው፤ ፊትህ እንደሆነ ለመሸከም አይከብድም።