በአባታችን መኪና ኳኳታ ላይ የመከርንበት ቅዳሜ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡10
ቦታ፦ የታላቅ እህታችን ግቢ፣ መኪናው የቆመበት ጥላ ሥር

የተገኙ አባላት፦
1. እትዬ፣ ታላቅ እህታችን፣ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት፦ ሰብሳቢ
2. ጋሼ፣ አጎታችን፣ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዱ፣ አሁን ጆሯቸው ትንሽ የከበደ፦ አባል
3. የእትዬ ባለቤት፣ ሰዓት ሠሪ፦ አባል
4. ታናሽ ወንድም፦ ጸሐፊ

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ በብስክሌት የመጣው መካኒክ (ካልተጠየቀ የማይናገር)፤ የጸሐፊው ባለቤት፣ ዘጠነኛ ወሯን የጨረሰች (ታዛቢ)።

ከአምስት አባላት አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አምስተኛው አባል፣ የመኪናው ባለቤት አባታችን፣ ካረፉ አራት ዓመት ስለሆናቸው መቅረታቸው በበቂ ምክንያት ተይዟል።

ሰብሳቢዋ ስብሰባውን ሲከፍቱ የታዛቢዋ ቀን መድረሱን፣ ሆስፒታሉ ሩቅ መሆኑን፣ በግቢው ያለው መኪና ይኸው አንድ ብቻ መሆኑንና ሞተሩ ከሰኞ ጀምሮ ሁለት ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ ገልጸዋል። "ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዳይሆንብን ዛሬውኑ ይለይለት" ብለዋል። መካኒኩ ሞተሩ እንዲጠፋ ቢጠይቅም፣ ድምፁ ዋና ማስረጃ በመሆኑ ስብሰባው እስኪያልቅ እንዳይጠፋ ታዟል።

አጀንዳ 1፦ "ቲክ ቲክ" ስለሚለው ድምፅ

ጋሼ ከሁሉ በፊት ዕድል ተሰጥቷቸው፣ በሠላሳ ዓመት የነጂነት ልምዳቸው ምንም ድምፅ እንደማይሰማቸው አረጋግጠዋል። ሰዓት ሠሪው ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ ለጥፈው፣ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ ለአራት ደቂቃ ካዳመጡ በኋላ ድምፁ አንዴም እንዳልተዛነፈ፣ እንዲህ ያለ ትክክለኛነት በሙያ ዘመናቸው በሁለት የግድግዳ ሰዓቶች ብቻ እንዳዩ አስረድተዋል። መካኒኩ እጁን አወጣ። ተራው እንዳልደረሰ ተነገረው።

ከረጅም ውይይት በኋላ "ቲክ ቲክ" የጤና ምልክት እንዲባል በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ "ኳ ኳ" ስለሚለው ድምፅ

ይህኛው ለጋሼም ተሰምቷል። ሰው በሩን እያንኳኳ ነው ብለው ሄደው ከፈቱ፤ ማንም አልነበረም። ተመልሰው እንደተቀመጡ በድጋሚ ሄደው ከፈቱ። በሦስተኛው "ማን እንደሆንክ ባውቅ!" ብለው በሩን ክፍት ትተውት ተመለሱ።

ሰዓት ሠሪው የሚያንኳኳው ከኋላ ያለ ዕቃ ነው በማለታቸው የዕቃ ማስቀመጫው ተራግፏል። የተገኘው ክሪክ፣ የተሰበረ ጃንጥላና የአባታችን የግራ እግር ጫማ ነው። እትዬ ጫማውን አንሥተው አቧራውን ጠረጉና ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ሞተሩ ግን ማንኳኳቱን አላቆመም።

በመቀጠል ሰዓት ሠሪው ሞተሩን ያበላሸው የጋሼ አነዳድ ነው ሲሉ፣ ጋሼ በበኩላቸው ሰዓት ሠሪው የጠገኑት ሰዓት ለልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት መባረር ምክንያት እንደሆነ አስታውሰዋል። ሰብሳቢዋ ሁለቱም ንግግራቸውን እንዲያነሡ አዘዙ። የትኛውን ንግግር እንደሆነ ስለጠፋባቸው ጸሐፊው እንዲያነብላቸው ተጠየቀ። ሲያነብ ጠቡ እንደ አዲስ ተነሣ።

መካኒኩ የደከመውን እጁን አውርዶ ሌላውን አወጣ። አንድ ደቂቃ ሲፈቀድለት "ዘይቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ ነው?" ሲል ጠየቀ። ጥያቄ የሚጠይቀው አባል ብቻ በመሆኑ ደቂቃው ተወስዶበታል።

ኳኳታውን አጥንቶ በሦስት ሳምንት ሪፖርት የሚያቀርብ ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ታዛቢዋ "እትዬ፣ ምጥ መሰለኝ" አለች። ጉዳዩ በአጀንዳ ያልተያዘ ቢሆንም በልዩ ልዩ እንዲታይ ተፈቅዷል። ጸሐፊው ሲነሣ ሰብሳቢዋ "ቁጭ በል! ጸሐፊ የሌለው ስብሰባ ወሬ ነው" አሉት። ጸሐፊው ተቀመጠ። (ይህን ሲጽፍ ያፍራል።) ሰዓት ሠሪው የሕመሙን ልዩነት በሰዓት ይዘው ሰባት ደቂቃ፣ ቀጥሎም ስድስት መሆኑን ለጉባኤው አሳወቁ። ጋሼ "የሞተሩ ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

በዚህ ጊዜ መካኒኩ ያለ ፈቃድ ሞተሩን አጥፍቶ ኮፈኑን ከፈተ። የዘይት መለኪያውን መዝዞ በየአባሉ ዓይን ፊት አዞረው። ጠብታ አልነበረበትም። "ቲክ ቲክ የሚለው ቫልቩ ነው፤ ዘይት ጠምቶት። ኳ ኳ የሚለው ደግሞ ከሥር፣ ብረት ከብረት ሲደባደብ። ዘይት ብሞላው ምናልባት አንድ መንገድ ያደርሰን ይሆናል። ሁለተኛ አይታሰብም" አለ።

ሰብሳቢዋ ይህ የውሳኔ ሐሳብ ከሆነ ደጋፊ እንደሚያስፈልገው አሳሰቡ። ታዛቢዋ "እደግፋለሁ!" ብላ ጮኸች። ጋሼ ማንም ሳይደግምላቸው ሰሙ። ታዛቢ ድምፅ እንደሌላት ሲገለጽላት የተናገረችው እንዳይመዘገብ ታዟል።

ጸሐፊው ተነሣ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የእትዬን ንግግር አቋርጦ "እትዬ፣ ሚስቴ ናት!" አለ። ሰብሳቢዋ ለአፍታ አፍጥጠው አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉና "ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ደግፈህ አስነሣት እንጂ!" አሉ።

መካኒኩ ከብስክሌቱ ጀሪካን አውርዶ ዘይቱን ሞላ። ሞተሩ ሲነሣ ቲክ ቲክታው ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ኳኳታው ቀረ። ስብሰባው ስላልተዘጋ ማንም መቅረት እንደሌለበት ተጠቅሶ ስድስቱም ተሳፈሩ። ጉባኤው በጉዞ ላይ ቀጠለ። መካኒኩ ቤንዚን መስጫውን አጥብቆ ሳይረግጥ፣ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ነዳ። ዳገቱ ላይ ኳኳታው ሲበረታ ታዛቢዋ የጸሐፊውን እጅ ጨበጠች፤ ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ የተጣመመው በዚሁ ምክንያት ነው። ጋሼ "አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ" ይሉ ነበር። ሰዓት ሠሪው ልዩነቱ ሦስት ደቂቃ መድረሱን ሊያሳውቁ ሲሉ በአንድ ድምፅ ዝም እንዲሉ ተደርጓል።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሞተሩ አንዴ እንደ ነጎድጓድ ጮኸና ለዘለዓለም ቆመ። ከቀኑ 6፡35 ላይ ሴት ልጅ ተወለደች።

ጉባኤው በሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ቀጥሏል። ሰብሳቢዋ ሕፃኗን አይተው ወጡ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ እንዲህ ተብሎ እንዲጻፍ አዘዙ፦ "ከጠዋት ጀምሮ የተወሰነው ሁሉ፣ ማን ይናገር ማን አይናገር የተባለውም ጭምር፣ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። ንዑስ ኮሚቴው ፈርሷል።" ተቃዋሚ አልነበረም።

ስብሰባው ከቀኑ 7፡05 ላይ ተዘግቷል። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ለፊርማ ሲያቀርብ ግን በኮሪደሩ ማንም አልነበረም፤ ሁሉም ሕፃኗን ሊያዩ ገብተዋል። ጸሐፊውም ደብተሩን ወንበሩ ላይ ትቶ ገባ።